ማጣሪያው ያልተሠራለት ጭቃ፦ አሽቪል ከተማ ከሄሊን አውሎ ነፋስ በኋላ

መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ የመስቀልን በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ተራሮች መካከል የምትገኘው አሽቪል ከተማ የቧንቧ ውኃዋን አጣች። ሄሊን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በዋዜማው ሌሊት ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ላይ ካረፈ በኋላ ወደ ሰሜን ገሥግሦ ማለዳ ላይ ተራሮቹን አገኛቸው። የከተማዋ ነዋሪዎች ከቧንቧቸው ቀድተው ሳያፈሉ እንዲጠጡ የተፈቀደላቸው ኅዳር 9 ቀን ነው። በመካከሉ 53 ቀናት አለፉ።

አሽቪል ድሃ ከተማ አይደለችም። የውኃ ተቋሟም በቸልተኝነት የተረሳ አልነበረም። ምንጩ በደን የተከለለ ነው፤ ግድቡ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተጠናክሯል፤ ዋናው መስመር ቢሰበር የሚተካ ተጠባባቂ መስመርም በጥልቅ ተቀብሮ ነበር። እንዲህ የተዘጋጀ ተቋም ለሁለት ወር ገደማ ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ሲያቅተው ምክንያቱን አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል። ክረምት በመጣ ቁጥር በጎርፍ የሚፈተኑና አንድ ለእናቱ በሆነ መስመር የሚጠጡ ከተሞች ያሉን እኛ ደግሞ ምርመራው ከማንም በላይ ይመለከተናል።

ንጹሕ ውኃን ታሳቢ ያደረገ ጣቢያ

የአሽቪል ውኃ ከሦስት ማጣሪያ ጣቢያዎች ይመጣል። ትልቁ ኖርዝ ፎርክ ይባላል። ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ብላክ ማውንቴን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በስዋናኖዋ ወንዝ ገባር ላይ የተሠራ ግድብና ማጣሪያ ሲሆን ከጠቅላላው አቅርቦት 80 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ሁለተኛው ደብሩል የሚባለው ጣቢያ ውኃውን የሚቀዳው ከቢ ትሪ ግድብ ነው፤ እርሱም በዚያው በስዋናኖዋ ተፋሰስ ውስጥ ይገኛል። ሦስተኛውና አነስተኛው የሚልስ ሪቨር ጣቢያ ግን በስተደቡብ በሌላ ወንዝ ላይ ነው። ይህን አቀማመጥ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከተማዋ በዚያ ሰሞን የደረሰባት ነገር አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ከኖርዝ ፎርክ ግድብ በላይ ያለው ተራራ ሰው የማይሰፍርበት፣ እርሻ የማይታረስበት፣ ከብት የማይሰማራበት ጥብቅ ደን ነው። በደን ውስጥ ተጣርቶ የሚወርደው ውኃ ከማጣሪያው ከመግባቱ በፊት እንኳን የጠራ ነው። የውኃን ድፍርስነት የምንለካው ብርሃን በውኃው ውስጥ በሚንሳፈፉ ቅንጣቶች ምን ያህል እንደሚበተን በማየት ነው፤ መለኪያው ኤንቲዩ ይባላል። የኖርዝ ፎርክ ሐይቅ በደኅናው ቀን አንድ ኤንቲዩ አካባቢ ነበር።

ጣቢያውም የተነደፈው ይህንኑ ውኃ እያሰበ ነው። በተለመደው ዓይነት ማጣሪያ ውኃው ውስጥ ኬሚካል ይጨመርና ጥቃቅኖቹ ቅንጣቶች ተያይዘው እንዲከብዱ ይደረጋል፤ ቀጥሎ በትልልቅ ገንዳዎች ውስጥ ረግቶ ጭቃው ወደ ታች ይዘቅጣል፤ አሸዋ ወዳለበት ማጣሪያ የሚያልፈው ከላይ የቀረው የጠራ ውኃ ብቻ ነው። ኖርዝ ፎርክ የማዝቀጫ ገንዳ የለውም። ኬሚካሉ የተቀላቀለበት ውኃ በቀጥታ ወደ አሸዋው ይሄዳል። ለንጹሕ ምንጭ ይህ ትክክለኛና ቆጣቢ አሠራር ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ኬሚካል ይቆጥባል፣ ከባድ ዝቃጭም አያስከትልም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምንጩ ዘወትር ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ። ድፍርስ ውኃ ከገባ አሸዋው በአጭር ጊዜ ይደፈናል፤ የተደፈነውን ለማጠብ ደግሞ ያው የተጣራ ውኃ ይፈጃል። ድፍርስነቱ ከበረታ ጣቢያው የሚያመርተውን መልሶ ለራሱ እጥበት ያውለዋል።

ለእኛ አገር ባለሙያዎች ይህ ነጥብ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራው የለገዳዲ ግድብ ውኃ ከሚታረስ መሬት የሚወርድ፣ ብቻውን ቢተዉት የማይረጋ ደቃቅ ሸክላ የተሸከመ ነው። ስለዚህ የለገዳዲ ማጣሪያ ገና ከመነሻው አሉሚኒየም ሰልፌት እየጨመረ ጭቃውን በገንዳ እንዲያዘቅጥ ሆኖ ተሠራ። የለገዳዲ ሠራተኛ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚታገለውን ጠላት የኖርዝ ፎርክ ጣቢያ ጨርሶ አይቶት አያውቅም ነበር።

ግድቡ ዳነ፣ መስመሮቹ ሄዱ

ሄሊን ከመድረሱ በፊት ሌላ ዝናብ አካባቢውን አጥግቦት ነበር። ከመስከረም 15 እስከ 17 በነበሩት ሦስት ቀናት በአሽቪል አውሮፕላን ማረፊያ የተለካው ዝናብ ከ350 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር በሙሉ በአማካይ ከምታገኘው ይበልጣል። ከኖርዝ ፎርክ ብዙም በማይርቀው የከፍታ ቦታ፣ ቡሲክ በሚባል ጣቢያ፣ ከ750 ሚሊ ሜትር በላይ ተመዝግቧል። መሬቱ ከዚያ በላይ መምጠጥ አልቻለም። የፍሬንች ብሮድ ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ሳይሰበር የቆየውን የከፍታ ክብረ ወሰን አለፈ። በአሽቪል አካባቢ ባለው የባንኮም አውራጃ ብቻ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለ ቧንቧና ስለ ማጣሪያ ስንነጋገር ይህን መርሳት አይገባም፤ መስመሩን ለመጠገን የወጡት ሠራተኞች ጎረቤቶቻቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው ፈተና ግድቡ ላይ ነበር። ከተማዋ የኖርዝ ፎርክን ግድብ ለማጠናከር የጀመረችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 ተጠናቋል። የሥራው ዋና ክፍል ተጨማሪ የጎርፍ ማስተንፈሻ ነበር፤ ውኃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ በራሳቸው ክብደትና በውኃው ግፊት ተገልብጠው መንገድ የሚለቁ ትልልቅ መዝጊያዎች አሉት። ሞተር አይፈልጉም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም፣ ቁልፍ የሚጫን ሰውም አይፈልጉም። በዚያ ማለዳ ኤሌክትሪክም መንገድም ስልክም አልነበረም። ማስተንፈሻው እንደታቀደው ሠራ፤ ግድቡም ጸና። ግድቡ ቢደረመስ ኖሮ በስሩ ባለው ሸለቆ የሚደርሰውን ጥፋት ማሰብ ይከብዳል። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የላቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያለ ሰው እጅ የሚሠራ መከላከያ አደጋው ከመድረሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ተገኝቷልና።

ነገር ግን ከግድቡ የተለቀቀው ውኃ የሚሄደው በሸለቆው ነው፤ ወደ ከተማዋ የሚወርዱት ዋና ዋና የማስተላለፊያ መስመሮችም የተቀበሩት በዚሁ ሸለቆ ነው። አንዱ 24፣ ሌላው 36 ኢንች የሆኑት ሁለቱ ቱቦዎች ከነመንገዱ ተጠርገው ሄዱ።

ከዚህ የሚከተለው የጉዳዩ እምብርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍራንሲስና አይቫን የተባሉት አውሎ ነፋሶች በተከታታይ አካባቢውን በመቱ ጊዜ ከኖርዝ ፎርክ የሚወርዱት መስመሮች ተሰብረው ከተማዋ ለቀናት ውኃ አጥታ ነበር። ከዚያ በኋላ ኃላፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። 36 ኢንች የሆነ ተጠባባቂ መስመር አስቀበሩ፤ ጎርፍ እንዳያገኘው ብለውም 25 ጫማ፣ ማለትም ከሰባት ሜትር ተኩል በላይ፣ ወደ ታች ወሰዱት። ሄሊን ግን ያንንም አገኘው። ጎርፉ መሬቱን ራሱን ይዞት ሄደ።

ተጠባባቂው መስመር በጥልቀት ከዋናው የተለየ ነበር፤ በአቅጣጫ ግን አልተለየም። ሁለቱም በአንድ ሸለቆ፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ከአንድ ግድብ በታች ነበሩ። ዋናውን ሊያጠፋ የሚችል ጎርፍ ትንሽ ከበረታ ተጠባባቂውንም ያጠፋዋል። የቀደመው አደጋ የተወው ልክ ለሚቀጥለው አደጋ መለኪያ ሲሆን የሚፈጠረው ይህ ነው። መሐንዲሶቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም፤ ተራራማ አገር ላይ ቱቦ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ማግኘት ውድና አስቸጋሪ ነው። የሚልስ ሪቨር ጣቢያ ደንበኞች ግን ከሌሎቹ ቀድመው ውኃ አገኙ። ጣቢያው ከሦስቱ ትንሹ ቢሆንም በሌላ ወንዝ ላይ ስለነበረ ለከተማዋ ደረሰላት። እንዲህ ያለውን ልዩነት የከተማ ውኃ ጽሕፈት ቤቶቻችን ካርታ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማየት ይቻላል፦ ዋናውን መስመር በአንድ ቀለም፣ ተጠባባቂውን በሌላ ቀለም አስምሮ ሁለቱ የሚሻገሩት አንድ ድልድይ ወይም አንድ ወንዝ እንዳለ መመልከት ነው።

ጥሬ ውኃ ወይስ ባዶ ቧንቧ?

ጥገናው የተጀመረው ከቱቦው ሳይሆን ከመንገዱ ነው። ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ስለጠፋ ቱቦ የሚጭን መኪናም ሆነ ቁፋሮ የሚሠራ ማሽን መድረስ አልቻለም። መንገድ እየተሠራ፣ ቱቦ እየገባ፣ ሥራው ቀንና ሌሊት ቀጥሎ ተጠባባቂው መስመር በመስከረም መጨረሻ፣ አውሎ ነፋሱ ባለፈ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ተቀጠለ። ብዙዎች ከገመቱት የፈጠነ ነበር።

ነገር ግን የተቀጠለው መስመር የሚያወርደው ውኃ አልነበረም፤ ማለትም የሚጠጣ ውኃ አልነበረም። በተራራው ላይ የተንሸራተተው አፈር ሁሉ ወደ ሐይቁ ገብቶ ውኃው ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ነበር። ድፍርስነቱ 30 ኤንቲዩ አካባቢ ደርሷል። በአሜሪካ ሕግ ከእንዲህ ዓይነት ማጣሪያ የሚወጣ ውኃ በወር ከሚደረጉት ልኬቶች ቢያንስ በ95 በመቶው ከ0.3 ኤንቲዩ መብለጥ የለበትም፤ አንድ ኤንቲዩን ደግሞ በምንም ጊዜ ማለፍ የለበትም። ይህ ለመልክ ሲባል የወጣ ሕግ አይደለም። ደቃቅ ጭቃ ለጀርሞች መደበቂያ ነው፤ ክሎሪኑ ቅንጣቱን እንጂ ከቅንጣቱ ውስጥ የተሸሸገውን ተሕዋስ ላያገኘው ይችላል። የማዝቀጫ ገንዳ የሌለው ኖርዝ ፎርክ እንደገና ማጣራት ለመጀመር ወደ ጣቢያው የሚገባው ጥሬ ውኃ ወደ ሁለት ኤንቲዩ መውረድ ነበረበት።

ስለዚህ ኃላፊዎቹ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረባቸው። ሐይቁ እስኪጠራ ድረስ የከተማዋን ቧንቧ ባዶ መተው፤ አለበለዚያ ያልተጣራውን ውኃ ክሎሪን በብዛት ጨምረው መልቀቅ። ሁለተኛውን መረጡ።

ይህ ውሳኔ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ትክክል ነበር ብዬ ግን እከራከራለሁ። ባዶ ቧንቧ አደገኛ ነው። በውስጡ ግፊት ከሌለ በየስንጥቁ ከውጭ ያለው ቆሻሻ ውኃ፣ የፍሳሽ ጭማቂ ጭምር፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚቀዳበት የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጸዳጃ ቤት አለ። ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች ባሉበት የአገልግሎት ክልል ውስጥ ፎቅ ላይ የሚኖር አረጋዊ መጸዳጃውን ለማጠብ ከወንዝ ወይም ከቦቴ ውኃ እየቀዳ ደረጃ መውጣት አይችልም። በአሽቪል በጎ ፈቃደኞች ተደራጅተው የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞችን ቤት እያንኳኩ በባልዲ ውኃ መጸዳጃ ያጥቡ ነበር። የሰው ፍሳሽ በየቤቱ ሲጠራቀም የሚነሣው ወረርሽኝ ከጭቃው ውኃ የሚብስ ነው። በተጨማሪም ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የቧንቧ መረብ ውስጥ የተሰበረው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ውኃ ሲገባበት ብቻ ነው። ሐይቁ እስኪጠራ ቢጠበቅ ኖሮ ፍለጋው የሚጀመረው በኅዳር በሆነ ነበር።

ውሳኔው ዋጋም ነበረው። ጭቃ ወደ ማጠራቀሚያ ታንከሮችና ወደ ቧንቧዎች ገባ፤ ኋላ መታጠብ ነበረበት። ጥሬ ውኃ ውስጥ ያለ የቅጠልና የአፈር ብስባሽ ከብዙ ክሎሪን ጋር ሲገናኝ ለረጅም ጊዜ ቢጠጡት ጎጂ የሆኑ ውሕዶች ይፈጠራሉ። ውኃ ቧንቧ ውስጥ ስላለ ብቻ ይጠጣል ብሎ የሚያስብ ሰውም አይጠፋም። ለዚህ መድኃኒቱ ማስጠንቀቂያውን ግልጽ ማድረግና ደጋግሞ መናገር ብቻ ነበር።

ባዶ የሆነን መረብ መሙላት ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። ቫልቭ በአንድ ጊዜ ቢከፈት ውኃው በኃይል ገብቶ አየሩን ይጨምቀዋል፤ ግፊቱ ተመልሶ ሲመታ የቀረውን ቧንቧ ይሰብረዋል። ስለዚህ በዝግታ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ታንከር በታንከር ይሞላል። አሽቪል ኮረብታማ ስለሆነች ዝቅተኛ ሰፈሮች ሲያገኙ ከፍተኞቹ ይጠብቃሉ። ሠራተኛው አንድ መስመር ይሞላል፣ ፍንጣቂ ያዳምጣል፣ ይጠግናል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛው ደንበኛ ጥሬው ውኃ ደረሰው። ትልቁ የከተማዋ ሆስፒታልና ትምህርት ቤቶች ግን አልጠበቁም፤ የራሳቸውን ጉድጓድ አስቆፈሩ።

ሐይቁን ማከም

ጭቃው በራሱ ጊዜ ቢረጋ ምንኛ በቀለለ ነበር። የሸክላ ቅንጣት ግን እጅግ ደቃቅ ነው፤ በላዩም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ሁሉም ተመሳሳይ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ አይያያዙም፣ አይከብዱም፣ አይዘቅጡም። ለሳምንታት ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥርም የረጋው ይታወካል።

የመፍትሔው ኬሚስትሪ የታወቀ ነው፤ ያልተለመደው የተሠራበት ስፍራ ነው። ጣቢያው የማዝቀጫ ገንዳ ከሌለው፣ ወደ 22 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዘው ሐይቅ ራሱ ማዝቀጫ ገንዳ ይሁን ተባለ። በጀልባ እየዞሩ አሉሚኒየም ሰልፌት ረጩበት። አሉሚኒየሙ አዎንታዊ ሙል ስላለው የሸክላውን ሙል ያመክነዋል፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ፈትል መስለው ይወርዳሉ። አሉሚኒየም ሰልፌት ግን ውኃውን ያኮመጥጠዋል፤ ሲኮመጥጥ ኬሚካሉ ሥራውን በደንብ አይሠራም፣ ዓሣውም ይጎዳል። ስለዚህ ኮስቲክ ሶዳ አብሮ ይጨመር ነበር።

እንዲህ ያለው ሥራ መጠኑን ከመወሰን ይጀምራል፤ መጠኑን ለመወሰን በየትኛውም የማጣሪያ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ፍተሻ ደግሞ አንድ ነው። ባለሙያው ከምንጩ የቀዳውን ውኃ በስድስት ቤከሮች፣ ማለትም በቤተ ሙከራ ብርጭቆዎች፣ ይሞላል፤ በእያንዳንዱ የተለያየ የኬሚካል መጠን ያደርጋል። ማማሰያው መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ ያህል በፍጥነት ይዞራል፤ ከዚያ በቀስታ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። በዚህ ጊዜ ዓይንን ከቤከሩ ማንሣት አይገባም። በአንዱ ቤከር ምንም አይታይም። በሌላው እንደ አቧራ ያለ ነገር ብቅ ይላል፤ ነገር ግን አይወርድም። ከመካከላቸው በአንዱ ትንንሽ ነጫጭ ጥፍጥፎች ይፈጠሩና ማማሰያው ሲቆም ጭቃውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ከበላያቸው ያለው ውኃ ይጠራል። ከዚያ ቤከር በላይ የጨመረው ደግሞ እንደገና ይደፈርሳል፤ ኬሚካል በበዛ ቁጥር ውኃ ይበልጥ ይጠራል ማለት አይደለምና። ዝናብ የውኃውን ጠባይ በየሰዓቱ በሚቀይርበት ወቅት ይህን ፍተሻ ትናንት ሠርቻለሁ ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። ክረምት ላይ የማጣሪያ ጣቢያ የሚያስተዳድር ሰው በበጀት ከሚከራከርባቸው ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው የዚህ ቤተ ሙከራ ሠራተኛና መሣሪያ ቢሆን እመኛለሁ።

የአሽቪል ሕክምና በአንድ ዙር አላበቃም። ድፍርስነቱ ወረደ፤ መውረዱ ዘገየ፤ እንደገና ተረጨ። ውኃው ወደ ጣቢያው በሚገባበት አፍ ዙሪያ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ መጋረጃዎች ተዘረጉ፤ ዓላማቸው ያ የሐይቁ ክፍል ከነፋስና ከሞገድ ተጠብቆ ቶሎ እንዲረጋ ነው። በእኔ ግምት መጋረጃው ከዚህ ጉዳይ ልንወስዳቸው ከምንችላቸው ዘዴዎች ርካሹ ነው፤ ሐይቁን ሁሉ ከማጥራት መቅጃውን አካባቢ ማጥራት ይቀላል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ኮርፕም ድፍርስ ውኃን የሚያጠሩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ለማቆም ገባ። ድፍርስነቱ ወደሚፈለገው ሲጠጋ ጣቢያው ማጣሪያዎቹን አንድ በአንድ፣ በትንሽ መጠን፣ እየሞከረ አስጀመረ። ጥሬውን ውኃ ከመረቡ አስወጥቶ በተጣራው የመተካት ሥራ ተከተለ።

በየቀኑ አንድ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ2022 የገና ሰሞን በአሽቪል ከባድ ውርጭ ወርዶ የሚልስ ሪቨር ጣቢያ ሥራ አቁሞ ነበር፤ በደቡብና በምዕራብ ያሉ ሰፈሮች ለቀናት ውኃ አጡ። ያኔ ነዋሪውን ከውኃው መጥፋት ይልቅ ያስቆጣው የመረጃው መዘግየት ነው። ከተማዋ ገለልተኛ ኮሚቴ አቋቁማ ነገሩን አስመረመረች፤ የኮሚቴው ትችት ካረፈባቸው ነጥቦች አንዱ ለሕዝብ የሚሰጠው መረጃና የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ነበር።

በሄሊን ጊዜ ልዩነቱ ታየ። የውኃ ተቋሙ ቃል አቀባይ ክሌይ ቻንድለር በየዕለቱ መግለጫ ላይ እየቀረበ ሥራው የት እንደደረሰ ይናገር ነበር፤ የሐይቁን የዕለት ድፍርስነት በቁጥር ጭምር። መቼ ያልቃል ተብሎ ሲጠየቅም የማይታወቅ ቀን አልቆረጠም። ይህ ለኃላፊ ከባድ ነው፤ ሕዝብ ቀን ይፈልጋልና። ነገር ግን ዛሬ የተነገረ ቀን ነገ ሲያልፍ የሚጠፋው እምነት፣ ቀጥሎ የሚነገረውን የጤና ማስጠንቀቂያ ሰሚ ያሳጣዋል። ቁጥሩ ሲወርድ ያየ ሰው ሥራው እየሄደ መሆኑን በራሱ ይረዳል፤ አንዳንድ ቀን ሳይወርድ ሲቀርም ምክንያቱ ይነገረዋል።

የዚህ ግልጽነት ጥቅም የታየው ኅዳር 5 ቀን ነው። መጨረሻው ተቃርቦ ሁሉም ተስፋ ባደረገበት ሰዓት፣ በትምህርት ቤቶች በተደረገ ምርመራ በሰባቱ ውስጥ ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ ላይ እርሳስ የተባለው ብረት መገኘቱ ተነገረ። እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ከሐይቁ አልመጣም። በቀደመው ዘመን በተሠሩ ሕንጻዎች የቧንቧ መጋጠሚያዎች በእርሳስ ይበየዱ ነበር። የማጣሪያ ጣቢያ በደኅናው ቀን ወደ ውኃው የሚጨምረው የዝገት መከላከያ ኬሚካል በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እርሳሱም ወደ ውኃው እንዳይገባ ይከለክላል። ጥሬ ውኃ ከተለቀቀባቸው ሳምንታት በከፊሉ ይህ ኬሚካል አልተጨመረም። ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው ስለነበር ውኃው በቧንቧ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆመ። እርሳስ ለመሟሟት የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ ጊዜውን አገኘ።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. ከ1988 በፊት በተሠሩ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ቀዝቃዛውን ውኃ አስቀድመው እያፈሰሱ እንዲጠቀሙ፣ ለሕፃናት ወተት ማሟሟቻና ለነፍሰ ጡሮች የታሸገ ውኃ እንዲመረጥ መከረ። ማፍላት ጀርምን እንጂ እርሳስን አይገድልም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን እርሳሱ ይበልጥ ይጠነክራል። ለሳምንታት "አፍልታችሁ ተጠቀሙ" የተባለ ሕዝብ ይህን መልእክት እንዲቀበል ማድረግ ቀላል አይደለም። በየቀኑ እውነቱን ሲሰማ የቆየ ሕዝብ ግን ያዳምጣል።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 9፣ የማፍላት ትእዛዙ ተነሣ። ነዋሪዎች ቧንቧቸውን ከፍተው ያደረውን እንዲያፈሱ፣ የውኃ ማሞቂያቸውንና የበረዶ መሥሪያቸውን እንዲያጥቡ፣ በየማቀዝቀዣቸው ያሉትን ትንንሽ ማጣሪያዎች እንዲቀይሩ ተነገራቸው። ለጣቢያው ሠራተኞች ግን ሥራው በዚያ አላለቀም። የዝገት መከላከያው ሽፋን እንደገና እስኪጸና ወራት ይወስዳል፤ የእርሳስ ምርመራውም ቀጠለ። በብርድ ወራት ደግሞ የሐይቁ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ሲከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያ ጊዜ በስር የረጋው ጭቃ እንደገና ሊታወክ ስለሚችል የመሐንዲሶች ኮርፕ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ትእዛዙ ከተነሣም በኋላ እንደ መጠባበቂያ ተፈለጉ። ከተማዋም ተራራው እንደገና ቢናድ ጣቢያው ድፍርስ ውኃን ማጣራት እንዲችል ለማድረግ ወደ ማቀድ ገባች።